የውኃ ዑደት ምንድን ነው? የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ እየሞላ ቧንቧው ለምን ይደርቃል?

ያ የትምህርት ቤት ሥዕል ትዝ ይላችኋል? ፀሐይ፣ ባሕር፣ ወደ ላይ የሚሄድ ቀስት፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ወንዝ፣ ተመልሶ ባሕር። የውኃ ዑደት የሚባለው እሱ ነው። ውኃ ይተናል፣ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል፣ ከፊሉ ይፈሳል፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ እንደገና ይተናል። አያልቅም፤ ይዞራል።

ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ "የማያልቅ ከሆነ ቢጫ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው ለምንድን ነው?" እል ነበር። ዛሬም ጥያቄዋ የሞኝ አትመስለኝም። ሥዕሉ ውኃው የት፣ መቼና ምን ሆኖ እንደሚገኝ አይናገርማ። በምድር ላይ ካለው ውኃ 97 በመቶ ገደማው ጨዋማ ነው። ከቀረው ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በረዶ ነው፤ 30 በመቶ ገደማው ደግሞ ከመሬት በታች ተደብቋል። ወንዝና ሐይቅ ተደምረው ጨው ከሌለው ውኃ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም።

አሁን ደቻቱን አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በእግራችን እንሻገረዋለን። አንድ ቀን ግን ከደንገጎ በላይ ደጋው ላይ ይዘንብና ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከች ይላል። በሐምሌ 1998 ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ያን ያህል ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከፊሉ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፣ የቀረው ይተናል። ባሕር እንኳ አይደርስም። (አዋሽ ራሱ ባሕር አይቶ አያውቅም፣ ጉዞው አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።)

ድሬ የምትጠጣው ቀስ ብሎ የሰረገውን ነው፣ እንደ ሳቢያን ካሉ ጉድጓዶች እየተሳበ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱ። ውስጡ የተጋገረው ነጭ ነገር ከኖራ ድንጋይ የመጣ ነው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይሰርጋል፣ ድንጋዩን እያሟሟ ያልፋል፣ እናንተ ስታፈሉት ደግሞ ኖራው መልሶ ይጋገራል። እናቶቻችን በሎሚ የሚያጥቡት ለዚህ ነው፤ አሲዱ ያሟሟዋል።

ችግሩ ፍጥነት ላይ ነው። አየር ላይ ያለ እርጥበት በአማካይ በ10 ቀን ገደማ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ከመሬት በታች ያለው ግን ለመተካት ዓመታት፣ አንዳንዴም መቶ ዓመታት ይፈጅበታል። ከሚገባው በላይ ከሳባችሁ ዑደቱ እየዞረም ጉድጓዱ ይነጥፋል።

ሐረማያን ያየ ይህን አይጠይቅም። ሐረርን ለዓመታት ያጠጣ ሐይቅ ነበር። ከተማው ይስባል፣ የጫትና የአትክልት ማሳው ይስባል፣ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈር ይሞላዋል፣ ፀሐዩም የድርሻውን ይወስዳል። በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ይግጥበት ጀመር! በኋላ ውኃ ተመልሶበታል፣ አቦ ያንን ማየትም ደስ ይላል፤ ሐረር ግን እስከዚያ ጠምቷት አትቀመጥም።

ስለዚህ ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ውኃ ወደ ላይ ይገፋላት ጀመር። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ደጋው ላይ ዘንቦ በራሱ የወረደውን ውኃ ዳገቱን መልሶ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፣ ለሱ ደግሞ በሥዕሉ ላይ ቀስት አልተሰጠውም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሐረር የሚኖር ዘመድ ሮቶውን አንኳኩቶ ስንት እንደቀረው የሚያዳምጠው ያን ጊዜ ነው።