መስከረም በሞንቴሶሪ ክፍል

ሞንቴሶሪ በተባለው የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ በሚመራ ክፍል ውስጥ አዲስ የገባ የሦስት ዓመት ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የወንበር አያያዝ ይማራል። አንድ እጅ መደገፊያው ላይ፣ ሌላው መቀመጫው ጠርዝ ላይ፤ ከዚያ አራቱም እግሮች ድምፅ ሳያሰሙ ወለሉን እስኪነኩ ቀስ እያሉ ማውረድ። መምህርቷ ይህን ስታሳይ እምብዛም አትናገርም፤ የልጁ ዓይን እጇ ላይ እንዲያርፍ ትፈልጋለች። ምንጣፍ መጠቅለል፣ ተዘርግቶ የሌላ ልጅ ሥራ ያለበትን ምንጣፍ ሳይረግጡ በዳር ማለፍ፣ ትሪ በሁለት እጅ መያዝም እንዲሁ ይጠናሉ። ቸኩሎ «ልጄ ዛሬ ምን ተማረ?» ለሚል ወላጅ የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሳምንታት ባዶ ይመስሉታል።

የዘዴው ባለቤት ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ (1870–1952 እ.ኤ.አ.) ናት። የመጀመሪያዋን «የልጆች ቤት» የከፈተችው ጃንዩወሪ 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር ነው። ለቤቱ መከፈት ምክንያት የሆነው ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ሕንፃውን የሚያበላሹ ልጆች መኖራቸው እንጂ የትምህርት ፍልስፍና አልነበረም። ሞንቴሶሪ እዚያ አንዲት ሕፃን የእንጨት ሲሊንደሮችን ከየቀዳዳቸው እያወጣች ስትመልስ አየች። ሌሎቹን ልጆች አስዘፈነቻቸው፤ ልጅቷ ቀና አላለችም። ከነወንበሯ አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት፤ ልጅቷ ሲሊንደሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠለች። ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግማ በራሷ ጊዜ አቆመች። ዛሬም ክፍሉ ለጠዋት ሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይቆራረጥ የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ተመስጦ ላለማወክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት በብዙ ቦታ የሚከፈተው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ነው። ክፍሉ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን አደባልቆ ስለሚይዝ፣ ብዙ ቦታ ነባሮቹ አስቀድመው ይገባሉ፤ አዲሶቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ መጀመሪያ ለአጭር ሰዓት፣ ይቀላቀላሉ። ነባሮቹ ልማዱን ስለሚያውቁ ግማሹ ማስተማር የእነሱ ነው። በር ላይ ስንብቱ አጭር ነው፤ መምህርቷ ዝቅ ብላ ልጁን ትጨብጠዋለች፣ እናት ትሄዳለች። ለቅሶ አይጠፋም። ደጋግመው እየተመለሱ «ቻው» ማለት የሚያባብሰው ይመስለኛል።

መደርደሪያው ላይ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የፈለገ ተራ ይጠብቃል። ታዋቂው ሮዝ ግንብ ከአንድ እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ኩቦች ሲሆን፣ ልጁ አንድ በአንድ፣ በአሥር ምልልስ ወደ ምንጣፉ ያመጣቸዋል። ትንሿ ኩብ ኪስ ስለምትገባ የመምህራን የዘወትር ጭንቀት እሷ ናት።

ወቅቱ የሚገባው በፖም ነው። አንዲት ልጅ እጇን ትታጠባለች፣ ሽርጥ ታስራለች፣ ፖሙን ማዕከሉን ነቅሎ በሚቆራርጠው ክብ ብረት ላይ በሁለት መዳፏ ትጫናለች። ብረቱ መሐል ላይ ሲይዝባት ከወንበሯ ተነሥታ በሙሉ ክብደቷ ትደገፍበታለች፤ ጧ ይላል። ቁራጮቹን በሳሕን አድርጋ እየዞረች «ፖም ትፈልጋለህ?» ትላለች። «አይ፣ አመሰግናለሁ» የሚል መልስ ሲገጥማት ሳትከፋ ማለፍም የትምህርቱ አካል ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን ትወለውላለች።

ለእኛ መስከረም አደይ የሚፈነዳበት ነው፤ እዚያ ደግሞ ቅጠል የሚረግፍበት። የሜፕልና የኦክ ቅጠሎች በቅርጫት ይገባሉ። ልጆቹ በወረቀት ሸፍነው በክሬዮን (በሰም ቀለም) እየፈገፈጉ የቅጠሎቹን ጅማት ያወጣሉ፤ የቅጠል ቅርጾች ከተቀረጹበት የእንጨት መሳቢያ ጋርም ያመሳክራሉ። ስሙ የሚሰጠው በሦስት እርከን ነው፤ «ይህ ሜፕል ነው»፣ «ሜፕሉን አሳየኝ»፣ በመጨረሻ «ይህ ምንድን ነው?»። ልጁ ከሳተ አይታረምም፤ ሌላ ቀን ይደገማል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ ሐበሻ ወላጆች እንቁጣጣሽ እዚሁ ሳምንታት ውስጥ ይውላል። ክፍሉ የልደት ቀንን የሚያከብርበት ልማድ በዓሉን ለልጁ ለማስረዳት ይመቻል፤ ባለልደቱ ሉል ይዞ መሐል ላይ የተቀመጠውን የፀሐይ ምሳሌ በየዕድሜው ዓመት አንዴ ይዞራል። ዓመት ማለት አንድ ዙር መሆኑን ለያዘ ልጅ፣ ዙሩ ከመስከረም 1 ሊቆጠር እንደሚችል መንገር አይከብድም።

ስሙን ግን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። በ1929 ሞንቴሶሪ ራሷ ያቋቋመችው ዓለም አቀፍ ማኅበርና በ1960 የተመሠረተው የአሜሪካው ማኅበር መምህራን ያሠለጥናሉ፤ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ቃሉ የማንም የንግድ ምልክት እንዳልሆነ በ1967 ተወስኗል። የሚጎበኝ ወላጅ ከሰሌዳው ይልቅ የዕድሜውን ስብጥርና የጠዋቱን ያልተቆራረጠ ሰዓት ቢጠይቅ ይሻላል። የማስመሰል ጨዋታ፣ ማለትም እናትና ልጅ፣ ሱቅና ገበያ መጫወት፣ በዘዴው ትንሽ ቦታ ማግኘቱ የቆየ ትችት ነው፤ እኔም እስማማለሁ።

ከምሳ በፊት አንዳንዴ የጸጥታ ጨዋታ አለ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ መምህርቷ ከበር ውጭ ሆና በሹክሹክታ ስም ትጠራለች፣ የተጠራው በእግር ጣቱ እየተራመደ ይወጣል። በመስከረም መጀመሪያ ሁለት ስም ሳይጠራ አንዱ ይስቅና ይፈርሳል። ጥቅምት ላይ የመጨረሻው ልጅ ብቻውን፣ ስሙን እየጠበቀ ይቀመጣል።