ዳርክ ኢነርጂ የስበት ጠላት አይደለም

«ቲቸር፣ ስበትንና ዳርክ ኢነርጂን የሚያገናኝ ቀመር አገኘሁ።» ጅማ ውስጥ ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ ይህን የሚለኝ አላጣሁም። (ዳርክ ኢነርጂ የዩኒቨርሱን መስፋፋት የሚያፋጥነው፣ ከምን እንደተሠራ ገና ያልታወቀው ነገር ነው።) ሰሞኑን ደግሞ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አጂፕ አካባቢ ባጃጁን አቁሞ ከወንበሩ ሥር ደብተር አወጣልኝ። የኒውተን የስበት ቀመር ነው፤ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ተጨምሮበታል። «ስበት ይስባል፣ ዳርክ ኢነርጂ ይገፋል። ተቃራኒ ናቸው» አለኝ።

አይደሉም። ይህን አንድ በአንድ ለየሰዉ መመለስ ስለታከተኝ ልጻፈው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ዳርክ ማተርና ዳርክ ኢነርጂ አንድ ነገር አይደሉም፤ የመጀመሪያው ከዩኒቨርሱ 27 በመቶ ገደማ ሲሆን ጋላክሲዎችን ይዞ ያቆያል፣ ሁለተኛው 68 በመቶ ገደማ ነው። «ዩኒቨርስ ሲሰፋ ሁሉም ከሁሉም ይርቃል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ አንድሮሜዳ ጋላክሲ በሴኮንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደኛ እየመጣ ነው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። የስህተቱ ግማሽ ከቃሉ ይመጣል። በአማርኛ «ኃይል» ስንል ፎርስም ኢነርጂም አንድ ላይ ይገባሉ። «ጥቁር ኃይል» ሲባል የሰማ ሰው ከስበት ጋር ገመድ የሚጓተት ሌላ ጉልበት ይታየዋል። ዳርክ ኢነርጂ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ኒውተን ላይ መቆም ነው። በኒውተን ቀመር ስበትን የሚወልደው መጠነ ቁስ ብቻ ነው። አንስታይን በ1915 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ግን ግፊትም ስበት ይወልዳል፤ የመስፋፋቱን ፍጥነት ለውጥ በሚያሰላው እኩልታ ውስጥ እንዲያውም በ3 ተባዝቶ ከእፍጋቱ (በአንድ ቦታ ውስጥ ከታጨቀው የቁስና የኢነርጂ መጠን) ጋር ይደመራል። ኮስሞሎጂካል ኮንስታንት የሚባለውን፣ ማለትም መጠኑ የማይለዋወጠውን ቀላሉን የዳርክ ኢነርጂ ዓይነት ብንወስድ፣ ግፊቱ ከእፍጋቱ ጋር እኩል ነው፣ ምልክቱ ግን ኔጌቲቭ፤ እንደ ተወጠረ ላስቲክ። እፍጋቱን 1 ካልነው፣ ከ1 ላይ 3 ሲቀነስ ኔጌቲቭ 2 ይሆናል፤ ምልክቱ ሲገለበጥ ስበቱ መሳቡን ትቶ ይገፋል። ስለዚህ መስፋፋቱን የሚያፋጥነው ከስበት ውጭ የሆነ ተቀናቃኝ ሳይሆን ስበት ራሱ ነው። ኮንስታንቱን አንስታይን በ1917 እኩልታው ውስጥ አስገብቶታል። በ1998 ሁለት ቡድኖች ሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ኮከቦችን) ለክተው መፋጠኑን አገኙ። ግንኙነቱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ያልታወቀው ዳርክ ኢነርጂ ከምን እንደተሠራ ነው።

መጠኑንም ሰው አያስበውም። መሬትን በሚያክል ቦታ ውስጥ ያለው ዳርክ ኢነርጂ ወደ ክብደት ቢመነዘር 7 ሚሊግራም አይሞላም። አንድ የተቆላ የቡና ፍሬ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ከልጁ ጋር በደብተሩ ጀርባ አሰላነው፦ መሬት ባለችበት ርቀት የፀሐይ ስበት ከዳርክ ኢነርጂ ግፊያ የሚበልጠው 1 ተጽፎ 22 ዜሮ በተደረደረበት ቁጥር ያህል ጊዜ ነው። በእሱ ቀመር ግን ሁለቱ ተጣፍተው መሬት ፀሐይን ትታ ትሄዳለች። ተሳፋሪ እየጠራው ደብተሩን ሲያይ ቆየ።

አዲስ ቀመር ያላችሁ፣ ወደኔ ከመምጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አስሉ። መሬት በምህዋሯ ትቆያለች? የሜርኩሪ ምህዋር ከኒውተን ስሌት በላይ በ100 ዓመት የሚዞረው 43 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ትርፍ ይወጣል? በነሐሴ 2017 ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት የመጣው የስበት ሞገድና የጋማ ብርሃን በ1.7 ሴኮንድ ልዩነት ብቻ ደርሰዋል፤ በዚያ ፈተና ብዙ የባለሙያ ንድፈ ሐሳቦች ወድቀዋል። የእናንተ ቀመር ለሁለቱ ፍጥነት ምን ቁጥር ይሰጣል? ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።