«ሴት መርታው ወደቀ» የተባለለት ፓርቲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፖለቲካ ፓርቲዎችን አሠራር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣና ያው ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «መምህር፣ ካናዳ ውስጥ አንዲት ሴት ገዥውን ፓርቲ ተረክባ ሁለት ወንበር ላይ አስቀረችው አይደል?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልስ አይፈልግም፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በባዕድ አገር ማስረጃ ሊያጸናልኝ ነው። ስለሰለቸኝ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የውጭዎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኪም ካምቤል ፓርቲዋን ገደለችው»

ቁጥሩ እውነት ነው። የካናዳ ተራማጅ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በ1988 ምርጫ 169 ወንበር አሸንፎ ነበር፤ በጥቅምት 1993 የቀሩት 2 ናቸው፤ ካምቤል ራሳቸውም የቫንኩቨር ወንበራቸውን አጥተዋል። ስህተቱ ታሪኩን ከመጨረሻው ገጽ ማንበብ ላይ ነው። ካምቤል የፓርቲውን መሪነት አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በሰኔ 1993 ነው፤ ከቃለ መሐላው እስከ ምርጫው ያለው ጊዜ አራት ወር ብቻ ሲሆን፣ የፓርላማው ዘመን እያለቀ ስለነበር ምርጫውን ብዙ ማራዘም አይቻልም ነበር።

ከእርሳቸው በፊት ብራያን ማልሩኒ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ ገዝተዋል። በ1991 በዕቃና በአገልግሎት ላይ የጣሉት 7 በመቶ ታክስ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ያደረጓቸው ሁለት ሙከራዎች በ1990 እና በ1992 ከሽፈዋል፤ በኩቤክ ክፍለ ግዛት የነበሩ አጋሮቻቸው በሉሲየን ቡሻር መሪነት ተገንጥለው የራሳቸውን ፓርቲ አቁመዋል፤ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ ወግ አጥባቂውን መራጭ ከሥራቸው እየሳበ ነበር። ማልሩኒ ለቀቁ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ቁልፉ ለካምቤል ተሰጠ።

ጠያቂዎቼ ፈጽሞ የማያነሡት ሌላ ነገር አለ። የካምቤል ፓርቲ በዚያ ምርጫ ከመላው ድምፅ 16 በመቶ ያህል አግኝቷል፤ ድምፁ ኩቤክ ላይ የተከማቸው የቡሻር ፓርቲ 13 ተኩል በመቶ ያህል አግኝቶ 54 ወንበር ወሰደ። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት ድምፁ በመላ አገሪቱ ስስ ሆኖ የተበተነበት ፓርቲ እንዲህ ይቀጣል፤ ይህ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ካምቤልም ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም፤ ተፎካካሪያቸው ዣን ክሬቲየን ከልጅነታቸው ጀምሮ የፊታቸው አንድ ጎን የማይታዘዝላቸው ሰው ናቸው፤ ያን ፊት አጉልቶ ያሳየው የፓርቲው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዲነሣ ቢያዝዙም ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። ከፍርስራሹ ከተረፉት ሁለት ተመራጮች አንዷ ግን ኤልሲ ዌይን የተባሉ ሴት ናቸው፤ ይህን የሚነግረኝ ጠያቂ እስካሁን አልመጣም።

ወንድ መሪ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ይባላል፣ በአንቱታ። ሴቷ ጋ ሲደረስ «ገደለችው» ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ርክክብ በዐይኔ ስላየሁት ነው የምበሳጨው። በአንድ የሙያ ማኅበር ምርጫ አስመራጭ ሆኜ ነበር። ተከታታይ ወንድ ሊቀመናብርት የመሩት ማኅበር ነው፤ የቢሮው ኪራይ ሦስት ወር ያልተከፈለ፣ የባንክ ደብተሩም ባዶ ሲሆን ጉባኤው ድንገት «አሁን ተራው የሴት ነው» አለ። በርክክቡ ቀን ለተመራጯ የተሰጣቸው በፌስታል የተጠቀለለ ማኅተምና ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ ነበር፤ የአንደኛው ጥራዝ ቀሪዎች ተቀድደው ወጥተዋል። በሰባተኛው ወር ቢሮው ተዘጋ። ዛሬ አባላቱን ብትጠይቁ «በእሷ ጊዜ ነው የተዘጋው» ይሏችኋል።

በ2005 ሚሼል ራያንና አሌክሳንደር ሃስላም የተባሉ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የብሪታንያ ኩባንያዎች ሴቶችን ለቦርድ አባልነት የሚሾሙት አብዛኛውን ጊዜ የአክሲዮን ዋጋቸው ከወደቀ በኋላ መሆኑን አይተው ነገሩን «የመስታወት ገደል» ብለውታል።

«የቆሰለ ፓርቲ የተረከበች ሴት መጨረሻዋ ውድቀት ነው»

አንጌላ ሜርክል የጀርመንን ክርስቲያን ዴሞክራቶች የተረከቡት በ2000፣ ፓርቲው በሕገ ወጥ የገንዘብ ስጦታ ቅሌት ሲታመስ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ 16 ዓመት አገር መርተዋል። ማርጋሬት ታቸርም በ1975 የያዙት የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በቀደመው ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ነበር።

«ሴት መሪ ሌሎች ሴቶችን ታወጣለች»

ታቸር ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ሲመሩ ወደ ካቢኔያቸው ያስገቡት አንዲት ሴት ብቻ ነው።

«የውስጡን ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲውን ይዟል»

ይህን የሚል ሰው የመተዳደሪያ ደንብ አያነብም። ታቸር በ1990 ማይክል ሄዝልታይንን 204 ለ152 በልጠው ሳለ፣ ደንቡ የ15 በመቶ ብልጫ ስለሚጠይቅ በአራት ድምፅ ምክንያት ሁለተኛ ዙር ታወጀ፤ በሁለተኛው ቀን ለመልቀቅ መወሰናቸውን አስታወቁ። የዚያው ፓርቲ ሰው ሊዝ ትራስ በ2022 ከተራው አባል 81,326 ድምፅ አግኝተው ሪሺ ሱናክን አሸነፉ፤ ነገር ግን በመጨረሻው የእንደራሴዎች ዙር የመረጧቸው 113፣ ማለትም ከሲሶ ያነሱት ነበሩ። መዘዙን ያመጣው የራሳቸው ምንጭ ያልተገኘለት የግብር ቅነሳ ነው፤ መዘዙ በመጣ ጊዜ ግን ከጎናቸው የሚቆም ጠፋና በ49 ቀን ተሰናበቱ። ከእነርሱ በኋላ የፓርቲው መሪ የሆኑት ኬሚ ባድኖክም በ2024 ከ121 እንደራሴዎች በ42 ድምፅ ነው ለአባላቱ ምርጫ ያለፉት።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው»

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ቅንጅት ሲከፋፈል ምርጫ ቦርድ ስሙን ለሌላ ወገን ስለሰጠው፣ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2000 ዓ.ም. ሊቀመንበር የሆኑት ከፍርስራሹ አዲስ በተመሠረተው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ነው። በታኅሣሥ 2001 ታስረው እስከ መስከረም 2003 ድረስ ወኅኒ ቆዩ፤ ፓርቲውም ሊቀመንበሩ በሌሉበት በውስጥ ክርክር ታመሰ። ይህን ጊዜ «በሴት የተመራ ፓርቲ» ብሎ መመዘን ምን ማለት ነው?

እንግዲህ «ነይና አድኚን» የተባለች ሴት ብትጠይቀኝ የምላት ይህ ነው። እሺ ከማለትሽ በፊት የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ይቅረብልሽ፤ «አታምኚንም እንዴ?» ካሉ መልሱን አግኝተሻል። ሊቀመንበር የሚነሣበትን አንቀጽ ሊቀመንበር ከሚመረጥበት አንቀጽ አስቀድመሽ አንብቢ። ማኅተሙና የፓርቲው ስም በማን እጅ፣ በማን ፊርማ እንዳሉ ጠይቂ። ዕዳው፣ ክሱና ያልተከፈለው ደመወዝ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ርክክቡ ነባሩ ሊቀመንበር ባሉበት ተፈርሞ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንደኛው ቅጂ ቤትሽ ይቀመጥ። የደረሰኝ ጥራዞቹንም ቀሪያቸውን አንድ በአንድ ቁጠሪ።