«ትንንሹ እየተነፈሰ ትልቁን አስቀረልን» እና ሌሎች የዚያ ሌሊት ወሬዎች

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የኮንዶሚኒየማችን ሰው ጋቢውን እየተከናነበ ግቢ ወጣ። ልጅ ያቀፈ አለ፣ አንድ እግሩ ባዶ የሆነ አለ፣ ስልኩን ብቻ ይዞ የወጣ አለ። ከዚያ እንደምታውቁት ወሬው ጀመረ። እስኪነጋ ከሰማሁት ውስጥ ዛሬም በየታክሲው የሚደገመውን ላንሳ።

«ለአሥራ አንድ ሰዓት ከዚህ የባሰ ይመጣል ተብሏል።» ማን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቴሌግራም ላይ ነው የወጣው። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የመሬት መንቀጥቀጥን መተንበይ የሚችል ሰው ግን በዓለም ላይ የለም። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ሃይቼንግ አካባቢ ትንንሽ ነውጦች ሲበዙ ሕዝቡን ከቤት አስወጥተው ብዙ ነፍስ አተረፉ፤ ምሥጢሩ የተፈታ መሰለ። በዓመቱ ታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ ፈረሰችና ከ240,000 በላይ ሰው አለቀ።

«ታዲያ ጃፓን ስልክ ላይ ቀድሞ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ትንቢት አይደለም፤ መንቀጥቀጡ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ሩጫ ነው። ከተሰበረው ዐለት ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሣል፤ ፈጣኑ ብዙ ጉዳት አያደርስም፣ ዘገምተኛው ነው የሚያናውጠው። መሣሪያዎቹ ፈጣኑን ሰምተው፣ ዘገምተኛው ሳይደርስ ስልኩን ያስጮኻሉ። ከፈንታሌ አካባቢ አዲስ አበባ በአየር መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለቱ ሞገዶች መካከል ወደ ሃያ ሰከንድ ልዩነት ይኖራል። በሃያ ሰከንድ ምድጃ ይጠፋል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። መንቀጥቀጡ የተነሣበት ቦታ ላይ ላለ ሰው ግን ይህችም የለችም።

የርዕሱን ያመጡት አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው። «ጎማ እየተነፈሰ ነው፣ ትልቁ አይመጣም» ሲሉ ሁሉም ቀለል አለው፤ እኔም ዝም አልኩ፣ በዚያ ብርድ ማን ይከራከራል። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። መለኪያው በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር የሚለቀቀው ጉልበት 32 እጥፍ ያህል ያድጋል፤ ከ4 ወደ 6 ሲሄድ 1,000 እጥፍ ይደርሳል። የአንዱን ባለ 6 ጉልበት በባለ 4 ለመጨረስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ብንነቃነቅ እንኳ ዓመት ሊሞላን ነው። መሬት ደግሞ ዕዳዋን በየወሩ ለመክፈል አልፈረመችም። ለወራት ስትነቃነቅ የቆየችው ያቺው ምድር የካቲት 7 ሌሊት 6.0 አመጣች። ከሥር የነበረው ነገርም የሚተነፍስ ጎማ አልነበረም። ቅልጥ ዐለት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ስንጥቅ እየከፈተ ይገባ ነበር፤ እሱ መግፋቱን እስካላቆመ ከላይ ያለው ዐለት መሰበሩን አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ፣ ሰፋ ባለበት እስከ 8 ሜትር፣ በዚሁ መንገድ ተከፍቷል።

«አንዱ 5.5 አለ፣ ሌላው 5.8፤ እየዋሹን ነው።» አልዋሹም። እያንዳንዱ ተቋም የሚያነበው የራሱን ጣቢያዎች ነው፣ ስሌቱም ይለያያል፤ የጥቂት ነጥብ ልዩነት የተለመደ ነው። በነገራችን ላይ ዜና አንባቢዎቻችን የማይተዉት «ሬክተር ስኬል» እ.ኤ.አ. በ1935 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ትልልቆቹ የሚለኩት በሌላ ዘዴ ነው፤ የተንሸራተተው ዐለት ስፋት፣ የተንሸራተተበት ርቀትና የዐለቱ ጥንካሬ ይሰላል።

ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ከራስ በላይ ያለው ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጥር ወር ሄይቲን የመታው 7.0 ነበር፤ ሟቹ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ። በወሩ ቺሊን 8.8 መታት። በጉልበት 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ የሞተው ግን አምስት መቶ ገደማ ሰው ነው። ቺሊ ለመንቀጥቀጥ የሚሆን የግንባታ ሕግ አላት፣ ታስከብረዋለችም። በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርቶፕረንስ ሰው የሞተው ደካማ ኮንክሪት ተጭኖት ነው።

ዘበኛችን «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ሲያስቀን ነበር። ለነገሩ እውነቱን ነው። አጫጭሩ ሞገድ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ሩቅ የሚደርሰው ረጅሙና ዝግ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ከረጃጅም ሕንፃዎች ውዝዋዜ ጋር ስለሚገጥም መብራቱ ሲወዛወዝ የሚያየው ፎቅ ላይ ያለው ሰው ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠው ላያውቅ ይችላል። መወዛወዝ በራሱ የመፍረስ ምልክት አይደለም። እንዲያውም በደንብ የተሠራ ፎቅ የሚድነው ትንሽ በመለመጡ ነው።

«በአባቶቻችን ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚለው ደግሞ የመርሳት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው አዲስ አበባን አናውጧል። እ.ኤ.አ. በ1961 ካራ ቆሬ ላይ የተነሣው ማጀቴን አፈራርሷል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የአፋሯ ሰርዶ ፈርሳለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲመዘግብ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ንጋት ላይ አንዱ «አሁን አገሩ ተከፍሎ ባሕር ይገባል፣ ሱናሚም አለ» አለ። መከፈሉ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥፍር ከሚያድግበትም ያንሳል። ባሕር ለመግባት ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል። ትልቅ ሱናሚም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አንዱ የመሬት ቅርፊት ሌላው ሥር በሚገባበት ቦታ፣ የባሕሩ ወለል በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ሽቅብ ሲወረወር ነው። የእኛ መሬት የሚለያይ እንጂ የሚደራረብ አይደለም።

ሩቅ መሆን ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱማትራ ላይ በ9.1 የተነሣው ማዕበል ውቅያኖሱን ተሻግሮ ከሰባት ሰዓት በኋላ የሶማሊያዋን ሃፉን መታት፤ በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሰባት ሰዓት ሙሉ የነገራቸው አልነበረም። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያን ጊዜ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልተዘረጋም።

ሌላው ስሕተት ሱናሚን እንደ አንድ ግዙፍ ማዕበል ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የቺሊው 9.5 ያነሣው ውኃ ከ15 ሰዓት ገደማ በኋላ ሃዋይ፣ ሂሎ ከተማ ደረሰ። ሳይረን ቀድሞ ጮኾ ነበር። የመጀመሪያው ውኃ ትንሽ ሆነና ብዙ ሰው «ይኸው ነው?» ብሎ ተመለሰ። ገዳዩ የመጣው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ 61 ሰው ወሰደ። «ባሕሩ ካልሸሸ አይመጣም» የሚለውም ያሳስታል፤ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ራሱ ከፍ ያለው ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጃፓን ሳንሪኩ ላይ መንቀጥቀጡ ለስላሳ ስለነበር ሰው ንቆት ተቀመጠ፤ 22,000 ያህል ሞተ። ባሕር ላይ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ማዕበሉ ከጀልባቸው ሥር ሲያልፍ ልብ ሳይሉት ቀርተው፣ ሲመለሱ መንደራቸውን አጡት።

«በር ጉበን ላይ ቁም» የሚለውን ምክር የሰጡኝ አባቴ ናቸው። ምክሩ የመጣው ከድሮ የጭቃ ጡብ ቤቶች ነው፤ ግድግዳው ሲወድቅ ከእንጨት የተሠራው የበር ፍሬም ብቻ ይቆም ነበር። በኛ ብሎኬት ቤት በሩ ከሌላው ቦታ የሚለይበት ነገር የለም። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራሱን ሸፍኖ፣ የጠረጴዛውን እግር ይዞ ይጠብቅ፤ ደረጃ ላይ መሮጥና ሊፍት የባሰ አደጋ ናቸው። ምድር ቤት ባለ ደካማ የጭቃ ቤት ውስጥ ያለና በሩ አጠገቡ የሆነ ግን ሜዳ ላይ ቢወጣ ይሻለዋል።

እኔ ያን ሌሊት ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ቡፌውን ነው። ሙሉ የሸክላ ዕቃ ተሸክሞ፣ ከልጆቹ አልጋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በምንም ሳይታሰር ቆሟል። በማግስቱ በሁለት ብረት ከግድግዳው ጋር አሰርኩት።