የግንድ መቁረጫ መስቀለኛ ምንድን ነው?

ግንድ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚያርፍበት ማስደገፊያ ነው፤ ዛሬ ግን እግር ያለው ማስደገፊያ ሁሉ «የግንድ መቁረጫ» እየተባለ ነው። አናጢ ጣውላ የሚያሳርፍበት፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ለክብ ግንድ አይሆንም፤ ግንዱ ይንከባለላል። የግንዱ መቁረጫ እግሮቹ በመስቀል የተጋጠሙ ናቸው፤ ከመጋጠሚያው በላይ የቀሩት ክንዶች ግንዱን ያቅፉታል።

የባሰው ስህተት ግን «በሁለት መስቀሎች መሃል ቁረጡ፣ በሁለት ወገን ስለተደገፈ አይወድቅም» የሚለው ምክር ነው። አይወድቅም፣ እውነት ነው። መጋዙን የሚያስነክሰው ግን ይኸው ድጋፍ ነው! ጀርባው ወደ ታች የሆነ የተገለጠ መጽሐፍ አስቡ። ያልተቆረጠው እንጨት ጀርባው ነው፣ የመጋዙ መንገድ በገጾቹ መሃል ያለው ክፍተት። ሽፋኖቹን ከዳር ይዛችሁ መሃሉ ሲረግብ ገጾቹ ገጥመው ጣት ይቆነጥጣሉ። ጀርባውን ጉልበት ላይ አሳርፋችሁ ሽፋኖቹን ስትለቁ ግን ይከፈታል። መጋዙ በጠለቀ ቁጥር ጀርባው ይሳሳል፤ ሲጀመር ይሮጥ የነበረው መጋዝ ወደ መጨረሻው ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚቆረጠው ከዳርኛው መስቀል ውጭ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የሚንጠለጠለው ክፍል ከግንዱ ግማሽ ካለፈ ግን ሚዛኑ ያጋድላል። ባለ 2 ሜትር ግንድ በ40 ሴንቲ ሲቆረጥ ችግር የለም፤ 80 ሴንቲ ሲቀር ግን የሚንጠለጠለው 40 እና 10፣ ማለትም 50 ሴንቲ ስለሚሆን ጭራውን መስቀሎቹን ከሚያያይዘው ጣውላ ጋር በገመድ መጠፈር ያስፈልጋል።

ለመስቀሎቹ 1 ሜትር የሆኑ ስድስት ሞራሌዎች ይበቃሉ። ከታች 65 ሴንቲ ላይ አጋጥሟቸው፣ እግሮቻቸውንም በ65 ሴንቲ አራርቁ። ሦስቱን መስቀሎች በ40 ሴንቲ ልዩነት አቁማችሁ ከመጋጠሚያው በታች በጣውላ እሰሩ፤ አንድ ጣውላ በሰያፍ ካልተመታ ሁሉም ወደ ጎን ይተኛል። መጋጠሚያው ላይ ባለ 10 ሚሊ ቡሎን ከነዳዶው ይግባ፤ ምስማር ብቻውን እየላላ ይሄዳል። ክንዶቹ ላይ ብረት አይኑር፣ የመጋዝ ጥርስ ይበላል። እርጥብ ባህር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ዳዶውን ደግማችሁ አጥብቁ።

ወፍራም ግንድ ከላይ ብቻ ሲቆረጥ መጨረሻ ላይ ተገንጥሎ ከታች ይላጣል። ቀድማችሁ ከታች እስከ አንድ ሦስተኛው ቁረጡ፣ ከዚያ በላይ ግን አትግቡ፤ ተንጠልጣይ ግንድ ላይ የሚጨመቀው የታችኛው ወገን ስለሆነ እዚያም ይነክሳል። በሞተር መጋዝ የምትቆርጡ ደግሞ ጫፉ የመስቀሉን ክንድ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከነካ መጋዙ ወደ ፊታችሁ ሊወረወር ይችላል።