ባቡር የሄደበት መንገድ ሁሉ ሜዳ አይደለም

«የባቡር ሐዲድ የነበረበት እኮ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሕፃንም ይነዳዋል።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ሳይክል ይዘን በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ ወደተሠራው የሳይክል መንገድ፣ ወደ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ስንወጣ፣ አዲስ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ይህንኑ ነው። ሳይክል መጠገን ሥራዬ ነው። ስለዚህ በማግስቱ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ የሚመጣውም እኔው ጋ ነው።

ለማታውቁት፣ መንገዱ ከአርሊንግተን ሸርሊንግተን ተነስቶ ሰሜን ቨርጂኒያን አቋርጦ ፐርሰልቪል ይደርሳል። 45 ማይል ነው፣ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባቡሩ በ1968 እ.ኤ.አ. ቆመ። የመጀመሪያው ክፍል በ1974 ፎልስ ቸርች ላይ ተከፈተ፣ በ1988 ፐርሰልቪል ደረሰ።

ባቡር ዳገት አይወጣም ያለው ማነው? የጅቡቲውን ባቡር አስቡት። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ለገሐር ይገባ ነበር። የድሬ ልጅ ሆኖ ይህን የሚረሳ ሰው በጣም ይገርመኛል። ባቡር የሚከብደው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ የብረት ጎማ ብረት ላይ ይንሸራተታላ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው፣ በ100 ሜትር ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ብዙም እንዳይነሳ ያደርጉታል። ዳገቱን ግን አላጠፉትም፣ አስረዘሙት እንጂ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። አጭር ዳገት ከሩቅ ይታያል። ማርሽ ቀንሳችሁ ትወጡታላችሁ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ታርፋላችሁ። ረጅሙና ለስላሳው ግን ዓይን ላይ ሜዳ ነው፣ እግር ላይ ዳገት ነው፣ ማረፊያም የለውም። መንገዱ ላይ ካለችው ሊስበርግ ከተማ ወደ ፐርሰልቪል ስትሄዱ እስከ ክላርክስ ጋፕ ያለው 4 ማይል ያህል መንገድ እንዲህ ነው። አንድ ወንድማችን እዚያ መሐል ወርዶ «ፍሬኑ ይዞብኛል፣ እስቲ እየው» አለኝ። ጎማውን አንስቼ አሽከረከርኩት፣ ምንም አልያዘውም። «አዙረውና ዝም ብለህ ልቀቀው» አልኩት። ፔዳል ሳይመታ ወደ ሊስበርግ መንሸራተት ሲጀምር ነው የገባው።

ስለዚህ ማርሹን ከመድከማችሁ በፊት ቀንሱ። እግር ቀለል ብሎ ቶሎ ቶሎ ይዙር። ጉልበት የሚያሳምመው በከባድ ማርሽ እየተጋፉ መግፋት ነው። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ጾም ከሆነና ምግብ ካልቀመሳችሁ፣ እባካችሁ በባዶ ሆድ ከሊስበርግ አትለፉ። ለመጀመሪያ ቀን ደግሞ እችላለሁ ካላችሁት ግማሹን ብቻ ሄዳችሁ ተመለሱ።

ሌላም የምሰማው አለ። «ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ሁለቱም እግሬ መሬት መርገጥ አለበት።» የለበትም። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ ነው የሚታጠፈው። ስትቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ውረዱ። አንዲት እናት «ሳይክል ለጉልበት አይሆንም» ብለው ሊሸጡት ነበር። ኮርቻውን ከፍ አደረግሁላቸው፣ አሁን እዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ቪየና ደርሰው ይመለሳሉ።

«የተራራ ሳይክል ያስፈልጋል።» አያስፈልግም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ነው። ጥርሳም ጎማ በከንቱ ያደክማችኋል።

«ከደከመኝ ከፐርሰልቪል በሜትሮ እመለሳለሁ።» ሜትሮ፣ የዋሽንግተን አካባቢ የከተማ ባቡር፣ እዚያ አይደርስም። የሲልቨር መስመር አሽበርን ላይ ያበቃል። አሽበርን ከደረሳችሁ ግን ሳይክል ይዞ መሳፈር ይፈቀዳል።

«መኪና ስለሌለ ልጆቹን መልቀቅ ይቻላል።» ይህ ያስፈራኛል። መኪና መንገዱ ላይ አይነዳም እንጂ መንገዱን የሚያቋርጡ የመኪና ጎዳናዎች ብዙ ናቸው። በባቡሩ ዘመን መኪናው ቆሞ ባቡሩ ያልፍ ነበር። አሁን ብዙ ቦታ የማቆሚያ ምልክቱ የተተከለው ለሳይክሉ ነው። አንዱ መኪና ቢቆምላችሁም በሌላው መስመር የሚመጣው ላያያችሁ ይችላል። ልጅ ካለ አንድ አዋቂ ከፊቱ ይንዳ። መሻገሪያው ጋ ስትደርሱ ሁላችሁም ቁሙ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ ሁለቱም አቅጣጫ ይታይ፣ ከዚያ አንድ ላይ ተሻገሩ። ሰው ስትቀድሙ በግራ በኩል እለፉ፣ ከማለፋችሁ በፊትም ደወል ምቱ።