ቴል አቪቭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቴል አቪቭ ከሚነገረው ብዙው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ግን ሊታረም የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰች ጥንታዊት ከተማ ናት።»

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 3 የምናነባት ቴልአቢብ በባቢሎን ምድር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ምርኮኞች የሰፈሩባት ስፍራ ነበረች። የዛሬዋ ከተማ ስሟን ከዚያ ብትወርስም የተመሠረተችው በ1909 ነው። ጥንታዊቷ ጎረቤቷ ያፎ ናት፤ እርሷም ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የተሳፈረባት፣ ሐዋርያው ጴጥሮስም በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት በእንግድነት የተቀመጠባት ኢዮጴ ናት። ሁለቱ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር የተጠቃለሉት በ1950 ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ጎብኚ ሊያመራ የሚገባው ወደ አሮጌው የያፎ ወደብ ነው።

«ማንም ባልነበረበት ባዶ አሸዋ ላይ ተመሠረተች።»

ይህን እምነት ያጸናው አብርሃም ሶስኪን ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ይመስለኛል፤ በምስሉ ላይ ከአሸዋ ክምርና ከተሰበሰቡ ሰዎች በቀር ምንም አይታይም። በ1909 ሚያዝያ ወር ስድሳ ስድስት የአይሁድ ቤተሰቦች የቤት መሥሪያ ቦታ በዕጣ ተከፋፈሉ። ቤተሰቦቹ ያቋቋሙት የቤት ሥራ ማኅበር መሪ አኪቫ አርዬ ቫይስ ከባሕር ዳር ዛጎል ለቅሞ በነጮቹ ላይ የአባላቱ ስም፣ በግራጫዎቹ ላይ የቦታው ቁጥር ተጻፈ፤ አንድ ልጅ ስሙን፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ቁጥሩን እያወጡ ለእያንዳንዱ ድርሻው ተነገረው። ታሪኩ በእውነት ያምራል፤ ሆኖም ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ ሕይወት ነበር። ኔቬ ጼዴክ የተባለው የአይሁድ ሰፈር ከ1887 ጀምሮ በያፎ ዳርቻ ቆሞ ነበር፤ በዙሪያውም እንደ ሼኽ ሙኒስና ሰላማ ያሉ የዐረብ መንደሮች ነበሩ። የእነዚህ መንደሮች ነዋሪዎች በ1948 ተፈናቅለዋል፤ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የሚገኘው በሼኽ ሙኒስ መሬት ላይ ነው። በባሕሩ ዳርቻ የሚታየው የሐሰን ቤክ መስጊድ ከፈረሰው የመንሺያ ሰፈር ከተረፉት ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ ነው። የመሥራቾቹን ጥረት የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ሊናገር ይገባዋል።

«ዋና ከተማ ናት።»

የእስራኤል ነፃነት በግንቦት 1948 የታወጀው በሮትሽልድ ጎዳና በሚገኘው፣ የመጀመሪያው ከንቲባ የሜይር ዲዘንጎፍ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። ይሁን እንጂ እስራኤል ዋና ከተማዬ የምትለው ኢየሩሳሌምን ነው፤ ምክር ቤቱና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ናቸው። የኢየሩሳሌም ጉዳይ በዓለም አቀፍ ደረጃ አከራካሪ በመሆኑ አብዛኞቹ ኤምባሲዎች በቴል አቪቭና በአካባቢዋ ይገኛሉ።

«ነጫጭ ሕንፃዎቿ በሙሉ የባውሃውስ ተማሪዎች ሥራ ናቸው።»

ዩኔስኮ በ2003 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው «ነጭ ከተማ» በ1925 ስኮትላንዳዊው የከተማ ፕላን ነዳፊ ፓትሪክ ጌዴስ በነደፈው ፕላን ላይ የተገነባ ሲሆን፣ በከተማዋ በዚህ ስልት የተሠሩ ሕንፃዎች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በጀርመኑ የባውሃውስ የሥነ ጥበብና የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት የተማሩት እንደ አርዬ ሻሮን ያሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የዲዘንጎፍን አደባባይ በ1934 የነደፈችው ጌኒያ አቨርቡክ የተማረችው በቤልጅየም ነበር። ከዚህም በላይ አርክቴክቶቹ ከአውሮፓ ያመጡትን ንድፍ ከአየሩ ጋር አስማምተውታል፤ ሰፋፊ መስኮቶችን ፀሐይ እንዳይበዛ ጠበብ አድርገው፣ በረንዳው ከበታቹ ላለው ፎቅ ጥላ እንዲሆን አርዝመው፣ አንዳንዱንም ቤት ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ በምሰሶ ላይ አቁመውታል። ይህን በቅርብ ማየት የሚፈልግ በኢዴልሰን ጎዳና ወደሚገኘው የሊብሊንግ ቤት ይሂድ፤ የነጩ ከተማ የጥበቃ ማዕከል እዚያ ነው።